ወረቀት ላይ የተለየው ደም፦ ፒኤች የማጭድ ሕዋስን ምስጢር እንዴት እንደገለጠ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር ሰው «አል-ፈሕስ ቀብለ አዝ-ዘዋጅ» የሚለው አነጋገር እንግዳ አይደለም። ከጋብቻ በፊት የሚደረግ ምርመራ ማለት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ለመጋባት የወሰኑ ወንድና ሴት የኒካሕ ውላቸው ከመፈጸሙ በፊት ደማቸውን እንዲያስመረምሩ የሚያስገድደው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ባሕሬን በዚያው ዓመት ሕግ አወጣች፤ ኩዌትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች። የምርመራው ቀዳሚ ዒላማ በዘር የሚተላለፉ ሁለት የደም ሕመሞች ናቸው። አንደኛው ታላሴሚያ ሲሆን ሁለተኛው ሐኪሞች ሲክል ሴል የሚሉት፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን የማጭድ ቅርጽ የሚያስይዘው ሕመም ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ምርመራው በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ከተመረመሩት ከአራት መቶ ሺሕ በላይ ሰዎች መካከል 4.2 በመቶ የሚሆኑት የማጭድ ሕዋስ ተሸካሚዎች፣ 0.26 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ሕሙማን ሆነው ተገኝተዋል። በምሥራቁ ክፍለ ሀገር፣ በተለይም በአል-አሕሳና በቀጢፍ፣ መጠኑ ከዚህ እጅግ ከፍ ይላል። ተሸካሚ የሆነ ሰው በአብዛኛው ጤነኛ ነው፤ ሳያውቀው ዕድሜውን ሊኖር ይችላል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ሕፃኑ ታማሚ ሆኖ የመወለዱ ዕድል ከአራት አንድ ነው። የምርመራው ውጤት ለተጋቢዎቹ ይነገራቸዋል እንጂ ጋብቻውን አይከለክልም። ውሳኔው የእነርሱ ነው። ስለዚህም በላብራቶሪ ወረቀት ላይ በምትሰፍር አንዲት ፊደል ላይ የተንጠለጠለው ጉዳይ ቀላል አይደለም።

ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለመጡ ብዙዎች የዚህ ሕመም ስም ከአገር ቤት የሚያውቁት ላይሆን ይችላል። ዘረመሉ በታሪክ የተስፋፋው ወባ በጸናባቸው ቦታዎች ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ የወረሰ ሕፃን ከከባድ ወባ የመትረፍ ዕድሉ ስለሚጨምር ዘረመሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖረ። ወባ በማያጠቃው ደጋ ግን እምብዛም አይታይም። የአል-አሕሳ ምንጮችና የተምር ማሳዎች በአንጻሩ ለወባ ትንኝ ምቹ ማደሪያ ነበሩ።

እንግዲህ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ በቀይ ፈሳሽ የተሞላች ትንሽ ቱቦ ተቀብሎ «ይህ ሰው ተሸካሚ ነው» የሚለው በምን አውቆ ነው? ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ አይቶ አይደለም፤ የተሸካሚ ሰው ሕዋሳት በተለመደው ሁኔታ ከጤነኛው ሰው ሕዋሳት ጋር አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉና። ልዩነቱ የተሸሸገው ከዚያ ወርዶ፣ ኦክስጅንን በሚሸከመው በሄሞግሎቢን ፕሮቲን ውስጥ ነው። ሄሞግሎቢን ከ574 አሚኖ አሲዶች የተገነባ ነው። የተለወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እነዚያን ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየው ዘዴ ኤሌክትሮፎሬሲስ ይባላል፤ ዘዴው እንዲያይ ወይም እንዳያይ የሚወስነው ደግሞ ፒኤች ነው።

ሙል የሚደርቡና የሚያወልቁ ሰንሰለቶች

ፒኤች የአንድ ፈሳሽ የአሲድነት መለኪያ ነው። ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን በኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላብራቶሪ ውስጥ በኢንዛይሞች ላይ ጥናት ሲያደርጉ በ1909 ያስተዋወቁት ሲሆን፣ መነሻቸውም ኢንዛይሞች ለአሲድነት ለውጥ እጅግ ስሱ መሆናቸው ነበር። በዚህ መለኪያ 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ የወረደው አሲድ፣ ከዚያ የወጣው ቤዝ ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ፣ የሰው ደም 7.4 አካባቢ ይገኛል። አንድ ቁጥር መውረድ ማለት በፈሳሹ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጂን አዮኖች ዐሥር እጥፍ መብዛት ማለት ነው። በሎሚና በደም መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ከመቶ ሺሕ እጥፍ በላይ ነው።

አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክተው አጭር ሰንሰለት ሲሠሩ ፔፕታይድ፣ ረጅም ሰንሰለት ሲሠሩ ፕሮቲን ይባላሉ። ከሃያዎቹ የተለመዱ አሚኖ አሲዶች አብዛኞቹ ለኤሌክትሪክ ግድ የላቸውም። ቫሊንና ሉሲን በየትኛውም ፒኤች ቢገኙ ጎናቸው ሙል፣ ማለትም በተለምዶ ቻርጅ የሚባለውን ነገር፣ አይይዝም። ጥቂቶቹ ግን እንደ አካባቢያቸው ይለዋወጣሉ። ጉዳዩን ለመረዳት የሃይድሮጂን አዮንን እንደ ጋቢ ማሰብ ይቻላል። በብርድ ሁሉም ይደርባል፤ ሙቀት ሲመጣ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ያወልቃል። አሲድ በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ጋቢው ሞልቶ ተርፏልና ሁሉም ለብሰው ይገኛሉ። ፒኤች ከፍ እያለ ሲሄድ ደግሞ እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት ያወልቃል።

ግሉታሚክ አሲድ ፒኤች ከ4 ጥቂት አለፍ ሲል ያወልቅና አሉታዊ ሙል ይዞ ይቀራል። ሂስቲዲን እስከ 6 ወይም 6.5 ድረስ አዎንታዊ ሆኖ ይቆይና ከዚያ ገለልተኛ ይሆናል። ላይሲን እስከ 10 ድረስ፣ አርጂኒን እስከ 12 ድረስ አዎንታዊነታቸውን አይለቁም። የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ የመነሻው ጫፍ እስከ 8 ገደማ አዎንታዊ ነው፣ የመጨረሻው ጫፍ ከ3 ጥቂት ከፍ ካለ ጀምሮ አሉታዊ ነው። ያወለቁትና የለበሱት ሲደማመሩ የፔፕታይዱ ጠቅላላ ሙል ይገኛል። ድምሩ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች ኢሶኤሌክትሪክ ነጥብ ይባላል፤ በዚያች ነጥብ ላይ ያለ ፔፕታይድ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢጎትተውም ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ኤሌክትሮፎሬሲስ የሚሠራው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። የተቀላቀሉ ፔፕታይዶች በረጠበ ወረቀት ወይም በሌላ መደገፊያ ላይ ይደረጉና ከግራና ከቀኝ የኤሌክትሪክ ዋልታ ይገናኛል። አዎንታዊው ወደ አሉታዊው ዋልታ፣ አሉታዊው ወደ አዎንታዊው ዋልታ ይጓዛል። ብዙ ሙል ያለው ይፈጥናል፤ ግዙፉ ይዘገያል። ሮቢን ኦፎርድ በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ የፔፕታይድ ፍጥነት ከሙሉ ጋር ቀጥተኛ፣ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ኃይል ጋር ደግሞ ተገላቢጦሽ የሆነ ዝምድና እንዳለው አሳይተዋል። ቀላል ቀመር ናት፤ የጠቀመችው ግን ብዙ ነው። አንድ ፔፕታይድ በታወቀ ፒኤች ምን ያህል እንደተጓዘ በመለካት ብቻ ስንት ሙል እንደተሸከመ መገመት ተቻለ፤ ከዚያም በውስጡ ያለው ግሉታሚክ አሲድ ይሁን ወይስ ሙል የሌለው ዘመዱ ግሉታሚን፣ ለይቶ ማወቅ ተቻለ።

የስምንት ዶቃዎች ጉዞ

የማጭድ ሕዋስ ታሪክ የተቋጠረው በአንድ አጭር ፔፕታይድ ውስጥ ነው። ጤነኛው ሄሞግሎቢን ቤታ በሚባለው ሰንሰለቱ መነሻ ላይ እነዚህን ስምንት አሚኖ አሲዶች በቅደም ተከተል ይዟል፦ ቫሊን፣ ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ትሪዮኒን፣ ፕሮሊን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ላይሲን። በታማሚው ሄሞግሎቢን ስድስተኛው ተቀይሯል፤ በግሉታሚክ አሲድ ፋንታ ቫሊን ተቀምጧል። ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

ሁለቱን ፔፕታይዶች ፒኤች 2 በሆነ አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ እናስቀምጥ። የመነሻው ጫፍ አንድ አዎንታዊ፣ ሂስቲዲን አንድ፣ ላይሲን አንድ፤ ድምሩ ሦስት አዎንታዊ ሙል። ግሉታሚክ አሲድ በዚህ ፒኤች ጋቢውን ስላላወለቀ ሙል የለውም። ቫሊን ደግሞ መቼም የለውም። ስለዚህ የጤነኛውም የታማሚውም ፔፕታይድ ሦስት አዎንታዊ ሙል ገደማ ይዘው፣ ክብደታቸውም ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። የኤሌክትሪኩ ኃይል የቱንም ያህል ቢጨመር፣ ሰዓቱም ቢራዘም፣ በመካከላቸው እዚህ ግባ የሚባል ርቀት አይፈጠርም። ሕይወትና ሞት የሚለያየው ለውጥ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የማይታይ ነው።

ፒኤቹ 4 አካባቢ ሲደርስ ግሉታሚክ አሲዶቹ ግማሽ በግማሽ ማውለቅ ይጀምራሉ፤ በሁለቱ ፔፕታይዶች መካከል የግማሽ ሙል ያህል ልዩነት ብቅ ይላል። ወደ 6.4 ሲደርስ ነገሩ ይለይለታል። ጤነኛው ፔፕታይድ ሁለት ግሉታሚክ አሲዶቹና የመጨረሻ ጫፉ ሦስት አሉታዊ ሙል ሰጥተውታል፤ በአዎንታዊው በኩል የመነሻው ጫፍና ላይሲን ሁለት ይሰጣሉ፣ ሂስቲዲን በከፊል ያዋጣል። ድምሩ ከዜሮ በጥቂቱ የወረደ ነው። የታማሚው ግን አንድ ግሉታሚክ አሲድ ስለጎደለው ከዜሮ ከፍ ይላል። አንዱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ሌላው ወደ ግራ ያዘነብላል ማለት ነው።

ከዚያም በላይ ፒኤቹን እስከ 12 ቢያደርሱት ልዩነቱ አይጠፋም፤ አንዱ ሦስት፣ ሌላው ሁለት አሉታዊ ሙል ይዘው ይቀራሉ። ነገር ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣሉ፣ እንዲህ ያለ ጠንካራ ቤዝም ፔፕታይዶችን ሊጎዳ ይችላል። ተመራማሪዎች ለገለልተኛው የቀረበውን ፒኤች የመረጡት በዘፈቀደ አልነበረም።

ከካሊፎርኒያ እስከ ካምብሪጅ

ሕመሙ በሕክምና ጽሑፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1910 በቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሕዋሱ ቅርጽ እንጂ የሕዋሱ ይዘት የሚመረምር አልተገኘም። ስዊድናዊው አርኔ ቲሴሊየስ ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ የሚለይ መሣሪያቸውን በ1937 ይፋ ሲያደርጉ ግን በሩ ተከፈተ፤ በ1948ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ታዋቂው ኬሚስት ላይነስ ፖውሊንግ ስለ ሕመሙ የሰሙት በ1945 ከሐኪሙ ዊልያም ካስል ነው። ሕዋሳቱ የሚጣመሙት ኦክስጅን ሲያጡ መሆኑ ሲነገራቸው፣ ችግሩ ያለው ከሕዋሱ ሳይሆን ኦክስጅኑን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን መሆን አለበት ብለው ጠረጠሩ። ጥርጣሬውን እንዲያጣሩ ለሐኪሙ ለሃርቬይ ኢታኖ ሰጧቸው። ኢታኖ በካሊፎርኒያ የተወለዱ የጃፓን ተወላጅ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ሌሎች የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በማጎሪያ ካምፕ የቆዩ ሰው ናቸው። ከጆናታን ሲንገርና ከአይበርት ዌልስ ጋር ሆነው የሁለቱን ሄሞግሎቢኖች ጉዞ በተለያዩ የፒኤች ደረጃዎች ለኩ። የጤነኛው ኢሶኤሌክትሪክ ነጥብ 6.87፣ የታማሚው 7.09 ሆነ። ልዩነቱ ከሩብ ያነሰ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል፣ በ6.9 አካባቢ፣ ጤነኛው ሄሞግሎቢን አሉታዊ ሆኖ ወደ አንድ ዋልታ ሲሄድ የታማሚው አዎንታዊ ሆኖ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። የተሸካሚዎቹ ደም ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ተገኘ።

ጽሑፉ በኅዳር ወር 1949 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። አንድ ሕመም የአንድ ሞለኪውል ሕመም ሊሆን እንደሚችል ዓለም ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይሁንና ፖውሊንግና ባልደረቦቻቸው ልዩነቱ በሞለኪውሉ ውስጥ የት እንዳለ መናገር አልቻሉም። በአንድ ሞለኪውል ከሁለት እስከ አራት የሚደርስ ሙል ልዩነት እንዳለ ገመቱ፤ የአሚኖ አሲዶቹ ጠቅላላ ቆጠራ ግን ግልጽ ልዩነት ሊያሳይ አልቻለም። ከ574 መካከል ሁለት ሲለወጡ የዚያን ዘመን ቆጠራ አያስተውለውም ነበርና።

ጥያቄውን የፈታው በእንግሊዝ የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ ነው። ቨርነን ኢንግራም በጀርመን ብሬስላው ተወልዶ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ሰው ነበር። በካምብሪጅ ካቨንዲሽ ላብራቶሪ ማክስ ፐሩትዝ በሚመሩት ክፍል ሲሠራ፣ ትልቁን ሞለኪውል እንዳለ ከመመርመር ይልቅ ቆራርጦ መመርመር የተሻለ መሆኑን ተረዳ። ለመቁረጫነት የተጠቀመበት ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ነው። ትሪፕሲን ሰንሰለቱን በዘፈቀደ አይበጥስም፤ ከላይሲንና ከአርጂኒን ቀጥሎ ብቻ ይቆርጣል። በዚህም ሄሞግሎቢኑ ወደ 30 ገደማ ፔፕታይዶች ተከፋፈለ።

ቀጥሎ ያደረገው በጣም ቀላል ይመስላል። ድብልቁን በአንድ ትልቅ የማጣሪያ ወረቀት ጥግ ላይ ጠብ አደረገ። ወረቀቱን ለገለልተኛው በቀረበ ፒኤች በተዘጋጀ ፈሳሽ አርጥቦ ኤሌክትሪክ አሳለፈበት፤ ፔፕታይዶቹም እንደ ሙላቸው በአንድ መሥመር ተበታተኑ። ከዚያ ወረቀቱን ዘጠና ዲግሪ አዙሮ በክሮማቶግራፊ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ አስጓዛቸው፤ በዚህኛው ጉዞ የሚለያቸው ሙላቸው ሳይሆን ውኃን ወይም ቅባታማ ነገርን የመውደድ ጠባያቸው ነው። በመጨረሻ ኒንሃይድሪን የተባለውን ኬሚካል ሲረጭበት እያንዳንዱ ፔፕታይድ ሐምራዊ ነጥብ ሆኖ ታየ። ኢንግራም ይህን የነጥቦች ሥዕል የጣት አሻራ ብሎ ጠራው።

የጤነኛውና የታማሚው አሻራ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነጥቦቹ ሁሉ በየቦታቸው ተገጣጠሙ፤ አንዲት ነጥብ ብቻ አልገጠመችም። አራተኛ ብሎ የቆጠራት ነጥብ በታማሚው ወረቀት ላይ ወደ አሉታዊው ዋልታ ቀርባ ተገኘች። ውጤቱ በ1956 «ኔቸር» ላይ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዚያች ነጥብ ውስጥ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን መተካቱን አስታወቀ። አንድ በዘር የሚተላለፍ ለውጥ በአንድ ፕሮቲን ውስጥ የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ሆኖ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያ ወረቀት ፒኤች 2 በሆነ ፈሳሽ ረጥቦ ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪኩ አራተኛዋን ነጥብ ከጤነኛው ነጥብ ሊለይ ባልቻለ፣ ምስክርነቱ ሁሉ በሁለተኛው ጉዞ ላይ በወደቀ ነበር።

ይህ ማለት ዝቅተኛ ፒኤች ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በ6.5 አካባቢ ሙላቸው ዜሮ የሆነ ፔፕታይዶች ሁሉ መነሻቸው አካባቢ ተከማችተው ይቀራሉ፤ መለየት ያልተቻለ ጉባኤ ይሆናሉ። የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ያችን የተጨናነቀች ቁራጭ ከወረቀቱ ቆርጠው በሌላ ወረቀት ላይ በመስፋት በ1.9 ፒኤች እንደገና ያስጓዟት ነበር። በዚያ አሲድ ውስጥ ሁሉም አዎንታዊ ሆነው ይነሣሉ፣ እንደ ክብደታቸውና እንደ ላይሲን፣ አርጂኒንና ሂስቲዲን ብዛታቸው ይለያያሉ። አንዱ ፒኤች የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል። የሙያው ብልሃት የትኛው መቼ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ላይ ነው።

በሁለት ፒኤች የሚታይ አንድ ደም

በምርመራ ክፍሎች ውስጥ ሥራው በፔፕታይድ ሳይሆን ባልተቆራረጠ ሄሞግሎቢን ይከናወናል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ለረጅም ዘመን የተለመደው አሠራር ሴሉሎስ አሲቴት በሚባል ስስ ሽፋን ላይ፣ ከ8.4 እስከ 8.6 ባለው ፒኤች ሄሞግሎቢኑን ማስጓዝ ነው። በዚህ ፒኤች ሁሉም ሄሞግሎቢኖች አሉታዊ ስለሆኑ ወደ አዎንታዊው ዋልታ ይሄዳሉ። ጤነኛው «ኤ» ይቀድማል። አሉታዊ ሙል የጎደለው የማጭድ ሕዋስ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም «ኤስ»፣ ወደ ኋላ ይቀራል። ከእርሱም ኋላ «ሲ»፣ «ኢ» እና በዐረቦች ስም የተሰየመው «ኦ-ዐረብ» ይገኛሉ። እነዚህ ሦስቱ ግሉታሚክ አሲዳቸው በላይሲን የተተካባቸው ናቸው፤ አሉታዊው ጠፍቶ አዎንታዊ ስለገባበት ልዩነቱ እጥፍ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮፎሬሲስ ሙል ይቆጥራል እንጂ ስም አያነብም። «ዲ-ፑንጃብ» የሚባለው ሄሞግሎቢን በቤታ ሰንሰለቱ 121ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲዱ በግሉታሚን ተተክቷል። ቦታው ከማጭድ ሕዋስ ለውጥ የራቀ ነው፣ የገባውም አሚኖ አሲድ ሌላ ነው። ነገር ግን የጎደለው ያው አንድ አሉታዊ ሙል ነው። ስለዚህ በ8.6 ላይ «ዲ» እና «ኤስ» አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ስሙ እንደሚያመለክተው «ዲ-ፑንጃብ» በሕንድና በፓኪስታን ፑንጃብ በብዛት ይገኛል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ከዚያ የሚመጡ ሠራተኞችና ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

መፍትሔው ያንኑ ደም በሌላ ፒኤች መመርመር ነው። ከ6.0 እስከ 6.2 ባለው ፒኤች በሲትሬት አጋር ላይ ሲጓዙ «ኤስ» ለብቻው ይወጣል፣ «ዲ» ደግሞ ከጤነኛው «ኤ» ጋር ይቀመጣል። «ሲ»ም ከ«ኢ» እና ከ«ኦ-ዐረብ» ይለያል። በዚህ አሲዳማ ምርመራ ውስጥ ለየት ያለ ነገር አለ፤ የሚለያቸው የሙል ቁጥር ብቻ አይደለም። አጋሩ ራሱ አሉታዊ ሙል ያላቸው ነገሮች ስላሉት ሄሞግሎቢኑን በገጹ ላይ ይይዘዋል፤ በመሆኑም የጠፋው ሙል በሞለኪውሉ ላይ የት ቦታ እንደነበር ለውጥ ያመጣል።

የፒኤችን ነገር አቅልሎ ማየት ዋጋ ያስከፍላል። ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ በአዎንታዊው ዋልታ አሲድ፣ በአሉታዊው ዋልታ ቤዝ ይፈጥራል። ፒኤቹን አጽንቶ የሚይዘው ባፈር የተባለው ውሕድ ይህን ይመክታል፤ አቅሙ ግን ያልቃል። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ያንኑ ባፈር ደጋግሞ መጠቀም መሥመሮቹን ያደበዝዛቸዋል። ሙቀትም ሌላ ጠንቅ ነው። በዚህ ሥራ የሚዘወተረው ትሪስ የተባለው ባፈር ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ፒኤቹ በ0.03 ገደማ ይወርዳል። ዐሥር ዲግሪ ሲሞቅ የሚፈጠረው መዛባት በጤነኛውና በታማሚው ሄሞግሎቢን ኢሶኤሌክትሪክ ነጥቦች መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። በ8.6 ላይ ሁለቱም ከነጥባቸው ርቀው ስለሚገኙ ይህ አቅጣጫቸውን አይቀለብሰውም፤ ርቀታቸውንና ጥራታቸውን ግን ይነካል። በበጋው ወራት የላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ሲበላሽ ጉዳዩ የሠራተኞች ምቾት ብቻ አለመሆኑ ለዚህ ነው።

ዛሬ በትልልቅ ማዕከላት ወረቀቱና ሽፋኑ ለማሽን ቦታቸውን ለቀዋል። አንዱ ማሽን ደሙን እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከ9 በሚበልጥ ፒኤች ያስጓዘዋል፤ ሌላው ኤች ፒ ኤል ሲ የሚባለው አሉታዊ ሙል ባለው ዓምድ ውስጥ ያሳልፈውና የሚለቀቅበትን ደቂቃ ይመዘግባል። ሁለቱም በደቂቃዎች ውስጥ መጠኑን በመቶኛ ያወጣሉ፤ ለታላሴሚያ ተሸካሚነት የሚያስፈልገውን «ኤ2» የተባለውን ሄሞግሎቢንም አብረው ይለካሉ። ከውስጣቸው የሚሠራው ግን ሶረንሰንና ቲሴሊየስ የሚያውቁት ነገር ነው።

ሕክምናውም እየተለወጠ ነው። በ2023 መጨረሻ ብሪታንያ፣ ቀጥሎም ባሕሬንና አሜሪካ፣ የታማሚውን የራሱን የመቅኒ ሕዋሳት ዘረመል በማረም የሚሰጠውን የመጀመሪያ ሕክምና ፈቅደዋል። ይህ ሕክምና ስድስተኛውን አሚኖ አሲድ አይመልስም፤ ሰው በማሕፀን ሳለ የሚጠቀምበትን «ኤፍ» የተባለውን ሄሞግሎቢን እንደገና ያነቃቃል። በምሥራቅ ሳዑዲ ዓረቢያ የብዙ ሕሙማን ሕመም በአፍሪካ ከሚታየው ቀለል የሚለውም ይኸው «ኤፍ» በተፈጥሮ ከፍ ብሎ ስለሚገኝባቸው ነው። ሕክምናው ግን እጅግ ውድ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ከጋብቻ በፊት የሚደረገው ምርመራ አሁንም የተሻለው መከላከያ ነው።

ወደ ምርመራ ክፍሉ የሚመጡ ሁለት እጮኛሞች በ8.6 ላይ የሁለቱም ደም በ«ኤስ» ቦታ መሥመር አሳየ እንበል። ሁለቱም በእርግጥ «ኤስ» ከሆኑ ከእያንዳንዱ አራት እርግዝና በአንዱ የማጭድ ሕዋስ ሕመም ይጠበቃል። አንዱ «ኤስ»፣ ሌላው «ዲ-ፑንጃብ» ከሆነም አደጋው አይቀርም፤ ሁለቱን አንድ ላይ የወረሰ ሕፃን ብርቱ የማጭድ ሕዋስ ሕመም ያገኘዋል። ሁለቱም «ዲ» ከሆኑ ግን ሁለቱን ቅጂ የወረሰው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከቀላል የደም ማነስ የዘለለ ችግር አይገጥመውም። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሦስቱም ጥንዶች አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው ሁለተኛው፣ አሲዳማው ምርመራ ነው፤ ወይም ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ «ኤስ» ሲያደፈርስ «ዲ» የማያደፈርስበት የመሟሟት ፈተና። የምርመራ መመሪያዎች በአንድ ዘዴ ብቻ የተገኘ ውጤት በሁለተኛ ዘዴ ሳይረጋገጥ ለተጋቢዎች እንዳይሰጥ የሚያሳስቡት በዚህ ምክንያት ነው። ውጤቱን የሚቀበሉ ሰዎችም «በስንት ዘዴ ተረጋገጠ?» ብለው ሐኪማቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው።